ምዕራፍ 7፦ ስለ መለኪያ ጽናትና ስለ መለኪያ እውነት

፩

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት፣ በዋርካ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ጥግ ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ያየ ሰው፣ ልብ ብሎ ተመልክቶ እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ሲወርድ ድምፁ ያለ አንዳች መሰናክል ሲፈስ፣ ስንደዶው ግን ድምፁን እግር በእግር አለመከተሉ ነው፤ አፉ ከ«መ» ደርሶ ሳለ እጁ ገና ከ«ሐ» ላይ ቆሞ ይገኛል። ልጁ ዛሬም አይሳሳትም፣ ነገም አይሳሳትም፤ ጧት ያለውን ማታ ይደግመዋል፤ አባቱ ቢጠይቀው፣ ጎረቤት ቢጠይቀው፣ ያው ቃል በዚያው ተራ ከአፉ ይወጣል። የኔታ ግን ይህ ሁሉ ቅልጥፍና አያታልላቸውምና ድንገት ጣታቸውን ከገበታው መካከል ያሳርፉና «ይህችስ ማን ናት?» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ልጁ ዝም ይላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከንፈሩ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ከ«ሀ» ተነሥቶ በልቡ እየቆጠረ፣ ጣታቸው ወዳረፈበት ፊደል በሩቁ መንገድ መጓዙ ነው።

የጥንት መምህራን ይህን ያውቁ ነበርና ልጁ «ሀ ሁ»ን ሲያበቃ ሌላ ገበታ ያቀርቡለታል፤ ይህም ፊደሉን ከለመደው ተራ አፋልሶ «አ ቡ ጊ ዳ» በሚል አዲስ ሰልፍ የሚያቆመው ገበታ ሲሆን፣ ከጥቅሞቹ አንዱ ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶት እንደ ሆነ ወይም ዜማውን ብቻ በጆሮው ይዞት እንደ ሆነ ማስረዳቱ ነው።

የኔታ በጣታቸው የሠሩትን ይህን ሥራ፣ የሰውን ልቡና በመለኪያ ለመመርመር የተነሣው የሥነ ልቡና ጥበብ ስም አውጥቶ፣ ሥርዐት ሠርቶ፣ በቁጥር አስሮ እስኪይዘው ድረስ ብዙ ድካምና ብዙ ውርደት አልፎበታል። ጥበቡ ስለ ማናቸውም መለኪያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ መለኪያው በተደጋገመ ቁጥር ያንኑ መልስ ይሰጣልን? የሚለው ሲሆን፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ «አስተማማኝነት» ብለው ይጠሩታል። ሁለተኛው፣ የተሰጠው መልስ እንለካዋለን ያልነውን ነገር በእርግጥ የሚናገር ነውን? የሚለው ሲሆን፣ ይህን ደግሞ «ተገቢነት» ይሉታል። ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን በመጀመሪያው ሚዛን ቢመዘን ሙሉ ነው፤ በሁለተኛው ቢመዘን ግን ቀልሎ ይገኛል። በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምንፈልገውም፣ የመጀመሪያው ጠባይ የሁለተኛውን ልብስ ለብሶ መታየት እንደሚወድ፣ የሰውን ልቡና በመለካት ስም ከተሠሩት በደሎች ብዙዎቹም ልብሱን እንጂ ለባሹን ካለመመርመር የመጡ መሆናቸውን ነው።

፪

በድሮው ገበያ አቡጀዴ በክንድ ሲሸጥ፣ ብልህ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል፤ ጨርቁ ያው፣ ሻጩም ያው ሆኖ ሳለ በለካው ሰው ክንድ ምክንያት ልኩ ከፍና ዝቅ ይል ነበርና። ይህ የአስተማማኝነት ጉድለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ፣ ከውስጥ ታቹን በጭቃ ደልድሎ በዚያው ቁና ዓመቱን ሙሉ እህል የሚሰፍር ነጋዴ ቢኖር፣ ልኩ ከቀን ወደ ቀን አይዛነፍም፤ ሁልጊዜም ጎደሎ ነው። ቁናው አስተማማኝ ነው፤ የሚያስተማምነው ግን ነጋዴውን እንጂ ገዢውን አይደለም። ጨርቅና እህል ከዓይን ፊት ያሉ ነገሮች ስለ ሆኑ ስሕተቱ ቶሎ ይጋለጣል፤ ማስተዋልን፣ ኀዘንን፣ ፍርሃትን፣ ትዕግሥትን የመሰለው የልቡና ሀብት ግን ኅቡዕ ነውና፣ በቀጥታ የሚለካው ሳይሆን ከፍሬው ተነሥቶ የሚገመተው ነው፤ ስለዚህም ስሕተቱ ከመለኪያው ይሁን ከተለኪው በቀላሉ አይለይም።

ይህን ለመለየት የሚያስችል መንገድ በመጀመሪያ አጥርቶ ካሳዩት ሊቃውንት ዋናው ቻርልስ ስፒርማን የሚባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በአገሩ ሠራዊት ውስጥ ብዙ ዓመት በመኮንንነት ካገለገለ በኋላ ወታደርነቱን ትቶ፣ በጎልማሳነቱ ዘመን እንደ ገና ተማሪ ሆኖ ወደ ጀርመን አገር ወደ ላይፕሲግ ሄደና ዊልሄልም ቩንት በመሠረተው የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ትምህርቱን ጀመረ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ደግሞ (በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የልቡናን መለካት መሠረቱን የለወጡ ሁለት ጽሑፎች አሳተመ። የሐሳቡ ሥር እንዲህ የሚል ነው፦ ከአንድ ሰው በአንድ ቀን የምናገኘው ማናቸውም የፈተና ውጤት ከሁለት ነገር የተቀየጠ ነው፤ አንደኛው የሰውየው እውነተኛ ይዞታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያ ቀን ባጋጣሚ የተጨመረበት ወይም የተቀነሰበት ስሕተት ነው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ረኃብ፣ የጥያቄው አሻሚነት፣ የአራሚው ስሜት፣ በግምት የተመታ መልስ፣ ይህ ሁሉ ስሕተት በሚለው ስም ይጠቃለላል። የአንድ መለኪያ አስተማማኝነትም፣ በሰዎች ውጤት መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ምን ያህሉ የእውነተኛው ይዞታ ልዩነት እንደ ሆነ የሚነግር ክፍልፋይ ነው፤ ከዜሮ ይነሣል፣ ፍጹም በሆነ ጊዜ 1 ላይ ይደርሳል።

ከዚህ ሐሳብ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይወለዳል። ሁለት ነገሮች በእውነቱ የተዛመዱ ሆነው ሳሉ የምንለካባቸው መሣሪያዎች በስሕተት የተሞሉ ከሆኑ፣ ዝምድናቸው ከልኩ ደክሞ፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ እንደሌለ ሆኖ ይታየናል፤ በጉም ውስጥ የቆሙ ሁለት ወንድማማቾች መልካቸው መመሳሰሉ እንደማይታወቅ ያለ ነው። በሒሳብ ሲነገርም፣ የአንድ ፈተና አስተማማኝነት 0.49 ከሆነ፣ ያ ፈተና ከሌላ ከማናቸውም ነገር ጋር የሚያሳየው ዝምድና ከ0.49 ስኩዌር ሩት፣ ማለት ከ0.70 በላይ ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ አስተማማኝነት ለተገቢነት ደጃፍ ናት፤ በደጃፉ ያላለፈ ወደ ቤት አይገባም፤ ከደጃፍ የቆመ ሁሉ ግን ገብቷል አይባልም።

መድኀኒቱስ ምንድን ነው? ስፒርማንና ዊልያም ብራውን የተባለው የአገሩ ሰው በ1910 በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ አንዱ መድኀኒት ጥያቄ ማብዛት ነው፤ ባጋጣሚ የሚመጣ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚጎትት፣ ጥያቄው በበዛ መጠን እርስ በርሱ ይጣፋልና። አስተማማኝነቱ 0.60 የሆነ አጭር ፈተና በመሰሎቹ ጥያቄዎች እጥፍ ቢሆን ወደ 0.75 ያድጋል፤ 0.90 እንዲደርስ ቢፈለግ ግን ስድስት እጥፍ መርዘም አለበት። የመጀመሪያው እርምጃ ርካሽ ሲሆን የመጨረሻው ውድ ነው፤ ተፈታኙም ሰው ነውና ስድስት እጥፍ ከረዘመው ፈተና መካከል ላይ ደክሞት፣ ያላነበበውን ጥያቄ መመለስ ይጀምራል።

ሌላው መንገድ ያንኑ ፈተና ለዚያው ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ መስጠት ነው፤ በዚህም ጊዜ ቀኑ ቢያጥር ሰውየው የቀድሞ መልሱን ያስታውሰዋል፣ ቢረዝም ደግሞ እርሱ ራሱ ይለወጣል። ሦስተኛው፣ ፍርዱ በሰው ዓይን የሚሰጥ በሆነ ጊዜ፣ ሁለት ዳኞች ሳይመካከሩ እንዲፈርዱ አድርጎ መስማማታቸውን ማየት ነው። እዚህ ላይም ተንኮል አለ፤ ሁለት ሐኪሞች እያንዳንዳቸው ከ100 ሰዎች 90ውን ጤነኛ፣ 10ሩን ሕመምተኛ ማለት የለመዱ ቢሆኑ፣ ሕመምተኛውን አንዳቸውም ሳያዩት፣ ዕጣ እንደሚጥል ሰው በዘፈቀደ ቢፈርዱ እንኳ በ82ቱ ላይ ይስማማሉ። ጄኮብ ኮኸን በ1960 ያወጣው ስሌት ይህን የአጋጣሚ ስምምነት አስቀድሞ ቀንሶ፣ የተረፈው ስምምነት ብቻ እንዲቈጠር ያደርጋል።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚገኘው ግን በ1951 ሊ ክሮንባክ ያሳወቀው «አልፋ» የሚባለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የአንድ መጠይቅ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርሳቸው እንደሚስማሙ በአንድ ቀን ፈተና ብቻ ስለሚያስረዳ ለተመራማሪው ቀላል ሆኖለታል፤ ቅለቱም ፈተና ሆኖበታል። «እንቅልፍ አጥተዋልን? ሌሊት ይነቃሉን? ተኝቶ ማደር ያስቸግርዎታልን?» እያለ አንዱን ነገር በዐሥር ዘይቤ የሚጠይቅ ሰው ከፍተኛ አልፋ ያገኛል፤ ያን ቁጥር ይዞ «የጭንቀት መለኪያዬ ተፈተነ» ቢል ግን፣ የፈተነው የራሱን ቃል መደጋገም ነው፤ ጭንቀቱ ገና አልተጠየቀም።

፫

መለኪያ ቁጥር መስጠቱ ብቻ እውነት እንደማያደርገው ለማስረዳት የሎንዶንን የ1884 የጤና ኤግዚቢሽን የሚያህል ምሳሌ የለም። በዚያ ኤግዚቢሽን ፍራንሲስ ጎልተን የሚባለው ባለጸጋ ሊቅ አንድ የመለኪያ ክፍል አቋቁሞ፣ ገብቶ መለካት የፈለገውን ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ፔኒ እያስከፈለ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የትንፋሹን ኀይል፣ የእጁን ጉልበት፣ የዓይኑንና የጆሮውን ስለት ይመዘግብ ነበር፤ ከ9,000 የሚበልጡ ሰዎችም ገንዘባቸውን ከፍለው ተለኩ። ጎልተን እንዲህ ያስብ ነበር፦ ዕውቀት ሁሉ ወደ ልቡና የሚገባው በስሜት ሕዋሳት በር ነው፤ እንግዲያስ በሩ የሰፋለት ሰው ቤቱም የሞላ ይሆናል። አነጋገሩ ሲሰሙት ያምራል፤ ማማሩ ግን ማስረጃ አልነበረም።

አሜሪካዊው ጄምስ ማኪን ካተል ይህን ሐሳብ ወደ አገሩ ወስዶ በ1890 ዐሥር ፈተናዎች ያሉት ዝርዝር አወጣ፤ የእጅ ጭብጥ ብርታት፣ የክንድ ፍጥነት፣ ሕመም እስኪሰማ ድረስ የሚያስፈልገው ጫና፣ ለድምፅ ምላሽ ለመስጠት የሚወስደው ጊዜ፣ 50 ሳንቲ ሜትር መሥመርን በዓይን ልክ ከሁለት መክፈል፣ ይህንንም የመሳሰለ ነበር። የፈተናው ዕቃ ከናስና ከብረት የተሠራ፣ ሰዓቱም የሴኮንድን ክፍልፋይ የሚቈጥር ነበርና፣ ያየው ሁሉ ሳይንስ በዓይኑ የቆመ ይመስለው ነበር። በ1901 ግን የካተል ተማሪ የነበረው ክላርክ ዊስለር፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሰበሰበውን ውጤት በዚያ ዘመን አዲስ በነበረው የዝምድና ስሌት ቢመረምረው፣ ፈተናዎቹ ከተማሪዎቹ የትምህርት ውጤት ጋር ያላቸው ዝምድና አለ ለማለት የማይበቃ ሆኖ ተገኘ፤ እርስ በርሳቸውም አልተዛመዱም። የላቲንና የሒሳብ ውጤት ግን፣ በተራ መምህር ብዕር የተሰጠው፣ አንዱ ከሌላው ጋር በግልጽ ተዛምዶ ነበር። በዚህ ምክንያት የካተል መንገድ በአንድ ጽሑፍ ተዘጋ ለማለት ይቻላል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ትምህርት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተምራል። ዊስለር በመረመራቸው ፈተናዎች እያንዳንዱ ተማሪ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተለክቶ ነበርና፣ ውጤቱ በአጋጣሚ ስሕተት የተሞላ ነበር፤ ተማሪዎቹም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አስቀድመው የተመረጡ ስለ ነበሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠባብ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የስፒርማን ትምህርት እንዲህ ያለው መለኪያ ያለውንም ዝምድና እንደሚያደክም አስረዳ፤ በኋላ ዘመንም ምላሹ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ሲለካ ከማስተዋል ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳለው ታይቷል። ስለዚህ ካተል መለኪያው እውነት መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳመነ፣ የተቹትም መለኪያው አስተማማኝ መሆኑን ሳያረጋግጡ ካዱ ማለት ነው።

፬

በዚያው ዘመን በፓሪስ አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ሰው ሌላ መንገድ ይሞክር ነበር። ቢኔም በመጀመሪያ የተማሪዎችን ራስ ዙሪያ እየለካ ብዙ ደክሟል፤ ነገር ግን በጎበዙና በሰነፉ ተማሪ ራስ መካከል ያገኘው ልዩነት እጅግ ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ ጎበዝ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀውን ልጅ ራስ ሲለካ እጁ ሳያውቀው ወደሚመኘው ቁጥር ሊያዘነብል እንደሚችል በራሱ ላይ ስለ ጠረጠረ፣ ያን ሥራ ተወው። የፈረንሳይ መንግሥት በ1904 ትምህርት የከበዳቸውን ሕፃናት ለይቶ ልዩ እርዳታ ለመስጠት ጉባኤ ባቋቋመ ጊዜ፣ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አቀረበ። ጥያቄዎቹ ከናስ ዕቃ ጋር የተያያዙ አልነበሩም፤ ልጁ የታዘዘውን እንዲፈጽም፣ በሥዕል ላይ ያለውን ነገር እንዲጠራ፣ የሰማውን ዐረፍተ ነገር እንዲደግም፣ ሁለት ነገሮች በምን እንደሚለያዩ እንዲናገር የሚጠይቁ ነበሩ። የመለኪያው ምስክርም የትምህርት ቤቱ ኑሮ ራሱ ሆነ። ቢኔ ደግሞ መለኪያው የልጁን የዛሬ ይዞታ እንደሚያሳይ እንጂ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣውንና እስከ መቃብር የማይለወጠውን ዕጣ እንደማይናገር አጥብቆ አስጠንቅቆ፣ በ1911 ዐረፈ።

ማስጠንቀቂያው ባሕር አልተሻገረም። መለኪያው አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፣ አገሪቱ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሮበርት የርክስ የሚመራ የሊቃውንት ቡድን ለምልምል ወታደር የሚሆን የጅምላ ፈተና አዘጋጀ፤ ለሚያነብቡት «አልፋ»፣ ለማያነብቡት ወይም እንግሊዝኛ ለማያውቁት «ቤታ» የተባለው ሆኖ፣ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተፈተኑ። የአልፋው ፈተና በአሜሪካ ገበያ የታወቀ የምግብ ቅባት በስሙ ጠርቶ ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር፤ የቤታው ደግሞ፣ ለማያነብብ ሰው የተሠራ ነው ሲባል፣ መረብ የጎደለውን የቴኒስ ሜዳና ድምፅ ማውጫ ቀንዱ የጎደለውን የሸክላ ማጫወቻ በሥዕል አቅርቦ የጎደለውን በእርሳስ እንዲሞላ ያዝዝ ነበር። ከሲሲሊ ተራራ ወይም ከፖላንድ ገጠር ከመጣ ጥቂት ወራት የሆነውን፣ እርሳስ ይዞ የማያውቀውን ገበሬ በጦር ሰፈር አዳራሽ ውስጥ፣ በወታደር ጩኸት መካከል ተቀምጦ እናስበው፤ ቴኒስ የሚባል ጨዋታ መኖሩንም አልሰማም። መረቡን ሳይሥል ቀረ፤ አራሚውም ዜሮ ጻፈ፤ ዜሮውም «ማስተዋል» በሚለው ዐምድ ሥር ተመዘገበ።

ካርል ብሪግሃም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሕዝቦች በተፈጥሮ ማስተዋላቸው ያነሰ ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። በመዝገቡ ውስጥ ግን አንድ ምስክር ይጮኽ ነበር፦ በአሜሪካ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ስደተኛ በቅርብ ከመጣው ይበልጥ ውጤት ያገኝ ነበር። ማስተዋል በተፈጥሮ የተወሰነ ከሆነ የመቀመጫ ዘመን ለምን ይጨምረዋል? ፈተናው የሚለካው የአገሩን ልማድ ማወቅን ነው ብሎ መጠርጠር የሚገባው እዚህ ላይ ነበር፤ ብሪግሃም ግን ነገሩን ገልብጦ፣ የቅርብ ጊዜ ስደተኞች ከቀደሙት ይልቅ በዘር ደካሞች ስለ ሆኑ ነው ብሎ ተረጐመው። በ1930 ይኸው ሰው ባወጣው ጽሑፍ የቀድሞ ሥራው መሠረት የሌለው መሆኑን በግልጽ አመነ፤ ንስሓው የሚያስመሰግነው ነው፤ ሆኖም መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1924፣ የእነዚያን ሕዝቦች መግቢያ በር ያጠበበው የስደተኞች ሕግ ታውጆ ነበር። ያ ሕግ ከፈተናው ይልቅ ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት ብለው የሚከራከሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ቢሆንም ሐሰተኛ ምስክር ፍርዱን ባይወስነውም ምስክርነቱ ሐሰት ከመሆን አይድንም።

፭

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊቃውንቱ «ተገቢነት» የሚለውን ቃል እንደ ገና ለመመርመር ተገደዱ። መጀመሪያ የተያዙት ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የይዘት ተገቢነት ነው፤ ስለ ዓመቱ ትምህርት የሚጠይቅ ፈተና የዓመቱን ትምህርት ሁሉ በመጠኑ መንካት እንጂ መምህሩ በሚወደው አንድ ምዕራፍ ላይ መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛው የመመዘኛ ተገቢነት ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፉት ሰዎች በፈተናው ከወደቁት ይልቅ በኋላ በመንገድ ላይ በደኅና የሚነዱ መሆናቸው በውጭ ባለ መመዘኛ ይታያል። ነገር ግን ለጭንቀት፣ ለትዕቢት፣ ለብቸኝነት በውጭ የተቀመጠ፣ «ይኸው እውነተኛው» ተብሎ በጣት የሚጠቆም መመዘኛ ከየት ይመጣል?

ሊ ክሮንባክና ፖል ሚል በ1955 ለዚህ የሰጡት መልስ፣ የጽንሰ ሐሳብ ተገቢነት የሚባለው፣ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ስለ ጭንቀት ያለን ትምህርት እውነት ከሆነ፣ የተጨነቀ ሰው ምን ማድረግ፣ ከምን መሸሽ፣ በምን ጊዜ መብረድ እንዳለበት አስቀድመን መናገር እንችላለን፤ መለኪያው እነዚህን ትንቢቶች እየፈጸመ በሄደ ቁጥር መለኪያውም ትምህርቱም አብረው ይጸናሉ፤ ትንቢቱ በከሸፈ ጊዜ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። በአባቶቻችን አነጋገር ብንገልጸው፣ አስተማማኝነት ንባብ ነው፤ ተገቢነት ትርጓሜ ነው። ንባቡ ያልቀና ሰው ወደ ትርጓሜ ቤት አይገባም፤ በትርጓሜ ቤት ግን አንዱ ፍቺ ከሌላው ጋር «አንድም» እየተባለ ይመዛዘናል እንጂ የቃሉ መነበብ ብቻ ምሥጢሩን አይሰጥም።

ከአራት ዓመት በኋላ ዶናልድ ካምቤልና ዶናልድ ፊስክ በ1959 የምስክሮችን ነገር ጨመሩበት። በአገራችን የቀድሞ ዳኝነት አንድ ምስክር እንደማይበቃ የታወቀ ነበር፤ ምስክሮቹ ሁለት ሆነው በአንድ ቤት የበሉና የጠጡ ከሆኑ ግን ቃላቸው እንደ አንድ ሊቈጠር ይገባል። ሁለት መጠይቆች ስለተስማሙ ደስ የሚለው ተመራማሪ ይህን ሊያስብ ይገባዋል፤ ሁለቱም ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ስለ ሆኑ፣ ራሱን ማሳመር የሚወድ ሰው በሁለቱም ላይ ያው ሰው ነው። እውነተኛ ምስክር የሚሆነው ከሌላ ቤት የመጣው ነው፦ የመምህሩ ምልከታ፣ የሐኪሙ ምርመራ፣ የሥራው ውጤት። መለኪያው ከሚገባው ጋር መዛመዱ ብቻም አይበቃም፤ ከማይገባው ጋር አለመዛመዱም ሊታይ ይገባል፤ የማስተዋል ፈተና ነኝ የሚል ወረቀት ከሁሉ ይልቅ ከአሜሪካ የመቀመጫ ዘመን ጋር ከተዛመደ፣ ስሙን መለወጥ ይኖርበታል።

፮

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስለን፣ በአገራችን የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች እንመልከት። በ1987 በስኮትላንድ አገር ጆን ኮክስና ሁለት ባልደረቦቹ የወለዱ እናቶችን ኀዘንና ጭንቀት ለማወቅ ዐሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጁና በኤዲንብራ ከተማ ስም ሰየሙት። እናቲቱ ባለፉት ሰባት ቀናት የተሰማትን ከአራት መልሶች አንዱን በመምረጥ ትመልሳለች፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጥና ድምሩ እስከ 30 ይደርሳል። አጭር ስለ ሆነ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ፤ አማርኛም አንዱ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ ነገሮች በሰው ላይ እየወጡ እንደሚቀመጡ አድርጎ የሚናገር ዘይቤ አለበት፤ ለስኮትላንዳዊቷ እናት ትርጒሙ ኑሮው ከበደኝ፣ መቻል አቃተኝ ማለት ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ «ነገሮች ከላዬ ላይ እየወጡብኝ ነበር» የሚል ይሆናል፤ ይህን የሰማች እናት ምን ወጣብኝ ትላለች? ኅሊናችንን የሚያስገርመው ደግሞ፣ ተርጓሚዎች እንደ ዋና ማረጋገጫ የሚይዙት ዘዴ፣ የተተረጐመውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጐም፣ ይህን ስሕተት የማይዝ መሆኑ ነው፤ ቃል በቃል የሄደው ቃል በቃል ይመለሳልና፣ ከሁሉ የከፋው ትርጒም ከሁሉ አሳምሮ ፈተናውን ያልፋል። ንባቡ ሳይነካ ደርሶ መልስ ተጉዟል፤ ምሥጢሩ ግን ከመነሻው አልተሳፈረም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተርጓሚ ቃሉን ትቶ የሐሳቡን አቻ ይፈልጋል፤ የእኛ ሰው «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤ ደከመ»፣ «ራሴን ከበደኝ» የሚለውን ያዳምጣል።

ጥንቃቄ ተደርጎም ቢሆን ፍርዱ ከምስክር በፊት አይሰጥም። ተመራማሪዎች የኤዲንብራውን መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ባሉ እናቶች ላይ በሙያው የሠለጠነ ሰው ከሚያደርገው ምርመራ ጋር ሲያስተያዩት፣ በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የታመመችውን ካልታመመችው ለመለየት ያለው ችሎታ ደካማ ሆኖ መገኘቱን ገለጹ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ መሳሰለው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያስመልሰው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ግን በዚያው ስፍራ የተሻለ ሠራ። በ2010 የወጣው የአዲስ አበባው ምርመራ ደግሞ የኤዲንብራው መጠይቅ በከተማይቱ እናቶች ዘንድ መልካም ሆኖ መገኘቱን አስረዳ። ልዩነቱ የአራቱ መልሶች ደረጃ ካልተማረች እናት አእምሮ ጋር ባለመስማማቱ ሊሆን ይችላል፤ ኀዘንን በልብ ቋንቋ ወይም በሥጋ ቋንቋ የመናገር ልማድ በከተማና በገጠር በመለያየቱም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፣ አገር ሳይለወጥ በአንድ ዘመን፣ አንድ ወረቀት በአንዱ ስፍራ እውነት ሲናገር በሌላው ስፍራ ዲዳ ሆነ።

እንግዲህ «ይህ መጠይቅ ተገቢነቱ ተረጋግጧል» የሚለው ቃል በራሱ ጐደሎ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለምን ፍርድ? በማን ላይ? የሚሉት ሁለት ተሳቢዎች ቀርተውበታልና። ተገቢነት እንደ ቁና ጌጥ በመለኪያው ላይ ተቀርጾ ከአገር አገር የሚዞር ሀብት አይደለም፤ ከውጤቱ ተነሥተን ስለ አንድ ሕዝብ የምንናገረው ቃል ጠባይ ነው፤ ቃሉ በተለወጠ ቁጥርም እንደ ገና ምስክር ይጠራበታል።

በቡታጅራ ገጠር በአንዲት ቤት፣ ጨቅላዋን ታቅፋ ለዐሥሩም ጥያቄ ከሁሉ ቀላሉን መልስ የሰጠች እናት ብትኖር፣ ጠያቂዋ ዐሥር ጊዜ 0 ጽፋ ትሄዳለች፤ በማግስቱ ብትመለስም ዐሥር ጊዜ 0 ታገኛለች። መጠይቁ አልተሳሳተም፣ እናቲቱም አልዋሸችም። ነገር ግን ያ ዜሮ ደኅና መሆኗን ይሁን፣ ጥያቄው ወደ እርሷ አለመድረሱን ይሁን፣ በወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ፤ ይህን የሚለየው ሰው እንደ የኔታ ከተራው ወጥቶ ጣቱን ከመካከል የሚያሳርፍ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስም የሚያይ ነው።